ወረቀቱ የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው፦ የቫይረስና የበሽታ መከላከል ምርመራዎች እንዴት ይነበባሉ?

የመጀመሪያው የኤች አይ ቪ የደም ምርመራ በአሜሪካ ፈቃድ ያገኘው በማርች 1985 ነው (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የተሠራው ግን ለታማሚ አልነበረም፤ ለደም ባንክ ነበር። የደም ባንክ ደግሞ የራሱ ስሌት አለው። ንጹሕ ደም ተጠራጥሮ ቢደፋ የሚያጣው አንድ ከረጢት ነው፤ የተበከለውን አምኖ ቢያሳልፍ ግን የሰው ሕይወት ይጠፋል። ስለዚህ ምርመራው ጥርጣሬ እንዲያበዛ፣ በትንሽ ምልክትም “አለ” እንዲል ሆኖ ተሠራ። ብዙም ሳይቆይ ያው ምርመራ ከከረጢቱ አልፎ ወደ ሰውየው ዞረ። “ይህ ደም ይጣል ወይ?” ለሚለው ጥያቄ የተሰጠ መልስ፣ “ይህ ሰው ቫይረሱ አለበት ወይ?” ለሚለው እንደ መልስ ይወሰድ ጀመር። አንዱ ውጤት በሌላ ዓይነት ምርመራ ይረጋገጥ የሚለው ሕግ የመጣውም ከዚህ የተነሳ ነው።

ከዚያ ወዲህ ምርመራዎቹ እጅግ ተሻሽለዋል። የአነባበቡ ችግር ግን ባለበት አለ። የላቦራቶሪ ወረቀት ይዘው ከሚጨነቁ፣ ወይም ያለ ምክንያት ከሚረጋጉ ሰዎች መካከል ማሽን ያሳሳታቸው ጥቂቶች ናቸው። የሚበዙት ወረቀቱን ያልተጠየቀውን እንደመለሰ አድርገው ያነበቡት ናቸው፤ አንዳንዴ ራሳቸው፣ አንዳንዴም ሐኪማቸው። ወረቀቱን ፎቶ አንስቶ አሜሪካ ላለ ዘመድ በቴሌግራም መላክ የተለመደ ሆኗል። ዘመዱ ነርስ ቢሆን እንኳ የሚደርሰው ቁጥሩ ነው፤ ምርመራው ለምን እንደታዘዘ፣ ሕመሙ በጀመረ በስንተኛው ቀን ደም እንደተቀዳ አይደርሰውም። ያለ እነዚህ ደግሞ ቁጥሩ ግማሽ ነገር ነው።

በመጀመሪያ ምን እየተለካ እንደሆነ መለየት ይገባል። አንዳንድ ምርመራ ቫይረሱን ራሱን ይፈልጋል፤ ዘረመሉን በፒሲአር፣ ወይም የአካሉን ቁራሽ በአንቲጂን ምርመራ። ሌላው ሰውነት ቫይረሱን ለመመከት ያመረተውን ፀረ እንግዳ አካል፣ ማለትም አንቲቦዲን ይፈልጋል። ሦስተኛው የመከላከያ ሕዋሳትን ቁጥር ወይም በሰውነት ውስጥ ያለውን ብግነት ይለካል። ከሦስቱ ሰው በብዛት የሚሳሳትበት ሁለተኛው ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ የአንቲቦዲ ምርመራ የሚሰማው የውሻውን ጩኸት ነው። ጅቡ ግቢው ውስጥ ይሁን፣ ወይስ ከሄደ ዓመት ሆኖት፣ ከጩኸቱ ብቻ አይታወቅም። ዝምታውም ቢሆን ጅብ አልመጣም ማለት ላይሆን ይችላል፤ ውሻው ገና አልነቃ ይሆናል።

ለዚህ ሄፓታይተስ ሲን የመሰለ ማሳያ የለም። ቫይረሱ ከያዛቸው ሰዎች ከ15 እስከ 45 በመቶ የሚሆኑት በስድስት ወር ውስጥ ያለ መድኃኒት ከሰውነታቸው ያስወግዱታል። አንቲቦዲው ግን ለብዙ ዓመታት፣ ብዙ ጊዜም ዕድሜ ልክ ይቆያል። ከ8 እስከ 12 ሳምንት በሚወሰዱት አዳዲስ ክኒኖች የዳነ ሰውም እንዲሁ ነው፤ ከመቶ ከ95 በላይ የሚሆኑት ይድናሉ፣ አንቲቦዲያቸው ግን “ፖዘቲቭ” እንዳለ ይቀጥላል። ስለዚህ በአንቲቦዲ ምርመራ ብቻ “ሄፓታይተስ ሲ አለብህ” የተባለ ሰው ገና አልተመረመረም ማለት ይቻላል። ቫይረሱ መኖሩን የሚያሳየው የአርኤንኤ ምርመራ ነው፤ ሳይሠራ የሚቀረውም ዋጋው ስለሚከብድ ይኸው ነው። በሌላ በኩል ይህ አንቲቦዲ አይከላከልም፤ የዳነ ሰው ዳግም ሊያዝ ይችላል።

ሄፓታይተስ ቢ ነገሩን ያወሳስበዋል። በኢትዮጵያ በልዩ ልዩ ቦታ የተሠሩ ጥናቶች ተጠቃለው ሲታዩ ቫይረሱን የተሸከመው ሰው ከመቶ ወደ 7 ይደርሳል፤ ይህ ከፍተኛ ቁጥር ነው። አብዛኛው ሰው ግን ይህን አያውቅም፤ ዐይኑ ቢጫ ካልሆነ “የወፍ በሽታ” የለብኝም ብሎ ያምናል። እውነቱን የሚያውቀው ደም ሲለግስ፣ ሴት ከሆነች የእርግዝና ክትትል ስትጀምር፣ ወይም ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሥራ ለመሄድ የጤና ምርመራ ሲያደርግ ነው። የመጨረሻው መንገድ ከሁሉ የከፋ ይመስለኛል። ሳዑዲ ወይም ኩዌት ለመሄድ ብድር ገብታ የተሰናዳች ልጅ ደም ትሰጣለች፣ ከጥቂት ቀን በኋላ “አንፊት ነሽ”፣ ማለትም ብቁ አይደለሽም፣ ትባላለች። ብዙ ጊዜ ወሬው እዚያው ላይ ያበቃል። ምርመራው የተደረገው ቀጣሪ አገር “ትግባ ወይስ አትግባ” ብሎ ለጠየቀው ጥያቄ ነው፤ መልሱንም ሰጥቷል። ስለ ልጅቷ ጉበት ግን የጠየቀ የለም።

የተገኘባት ኤችቢኤስኤጂ የሚባለው የቫይረሱ የውጭ ልባስ ነው። ታሪኩም ደስ የሚል ነው፤ አሜሪካዊው ተመራማሪ ባሩክ ብሉምበርግ ይህን ፕሮቲን በ1960ዎቹ ያገኘው የጉበት ቫይረስ ሲፈልግ አልነበረም። የልዩ ልዩ ሕዝቦችን የደም ፕሮቲን ልዩነት ሲያጠና በአንድ የአውስትራሊያ ነባር ተወላጅ ደም ውስጥ ስላየው “የአውስትራሊያ አንቲጂን” አለው፤ ከጉበት በሽታ ጋር መያያዙ ኋላ ታወቀ፤ በ1976 የኖቤል ሽልማት አገኘበት። ቫይረሱ ይህን ልባስ ከሚያስፈልገው በላይ ያመርታል፤ ውስጡ ባዶ የሆነ ልባስ በደም ውስጥ በብዛት ይዞራል። ስለዚህም ውጤቱ “አለ” ሲል ቫይረሱ በሰውነት ውስጥ መኖሩን ይናገራል፤ ቫይረሱ ምን ያህል እንደሚራባ፣ ጉበቱ መጎዳት አለመጎዳቱን ግን አይናገርም። ለዚያ የቫይረሱ ዲኤንኤ መጠን፣ የጉበት ኢንዛይሞች፣ የፕሌትሌት ቁጥር፣ ሲቻልም አልትራሳውንድ ያስፈልጋሉ። ምርመራው ከስድስት ወር በኋላ ተደግሞም መታየት አለበት፤ ሥር የሰደደ ነው የሚባለው ከስድስት ወር በላይ ሲቆይ ነውና። በልጅነትና በአዋቂነት መያዝም እኩል አይደሉም። ሲወለድ ከእናቱ የተያዘ ሕፃን ከአሥር ዘጠኝ ጊዜ ቫይረሱን ተሸክሞ ይኖራል፤ ጤነኛ ሆኖ ሳለ በአዋቂነቱ የተያዘ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ያስወግደዋል። ኢትዮጵያ የሄፓታይተስ ቢ ክትባትን ከሕፃናት መደበኛ ክትባት ጋር የጀመረችው በ2007 ነው፤ ከዚያ በፊት የተወለደው ትውልድ፣ ማለትም አሁን ሥራ ፍለጋ የሚሰደደው አብዛኛው ወጣት፣ አልደረሰውም።

በዚሁ ወረቀት ላይ ትልቁን ግራ መጋባት የሚፈጥረው ሌላው መስመር የልባሱ አንቲቦዲ ነው፤ አንቲ ኤችቢኤስ ይሉታል። ይህ “ፖዘቲቭ” ከሆነ መደሰት ነው፤ ሰውየው ወይ ተከትቧል ወይ በሽታውን አሸንፏል፤ መጠኑ 10 እና ከዚያ በላይ ከሆነ እንደተጠበቀ ይቆጠራል። የዚህን መስመር “ፖዘቲቭ” ከላይኛው ጋር አምታተው ለወራት ያለቀሱ ሰዎች አሉ። ሦስተኛው፣ የቫይረሱ የውስጥ እምብርት አንቲቦዲ፣ ከክትባት አይመጣም፤ ሰውየው አንድ ጊዜ ከራሱ ከቫይረሱ ጋር መገናኘቱን ይመሰክራል። ሦስቱ አንድ ላይ ሲነበቡ ተከታቢውን ከዳነው፣ የዳነውን ከተሸካሚው ይለያሉ። አንዱ ብቻውን ሲነበብ ግን ያሳስታል፤ ክትባት በተወሰደ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ አንዳንዴም እስከ 18 ቀን ድረስ፣ የክትባቱ ልባስ ራሱ በምርመራ ይታያልና ትናንት የተከተበ ሰው ዛሬ ተሸካሚ ሊባል ይችላል። ለአንፊቷ ልጅ ቤተሰብም አንድ ነገር መነገር አለበት፦ ቫይረሱ ከአንድ ማዕድ በመብላት አይተላለፍም። ወንድም እህቶቿ ግን ይመርመሩ፣ ነጻ የሆኑትም ይከተቡ።

ወደ ኤች አይ ቪ ልመለስ፤ በዚህ ዙሪያ ብዙ የታወቀ ስለሚመስል ብዙው ሳይነገር ይታለፋል። አንድ ስሌት እንሥራ። በ2016ቱ የሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በኢትዮጵያ ቫይረሱ ያለባቸው አዋቂዎች ከመቶ 0.9 ነበሩ። አሥር ሺህ ሰው ያለ ምርጫ ቢመረመር 90 ያህሉ ቫይረሱ አለባቸው፤ ጥሩ ምርመራ ሁሉንም ያገኛቸዋል እንበል። የቀሩት 9,910 ነጻ ናቸው፤ ምርመራው ከእነዚህ ከመቶ በአንዱ ብቻ ቢሳሳት 99 ሰው ያለ ኃጢአቱ “ፖዘቲቭ” ይባላል። እንግዲህ በመጀመሪያው ምርመራ “አለ” ከተባሉት 189 ሰዎች ከግማሽ በላዩ የለባቸውም! ከመቶ 99 ጊዜ ልክ የሆነ መሣሪያ ነው ይህን ያደረገው። ያንኑ መሣሪያ ከመቶው ታካሚ 30ው ቫይረሱ ባለበት ክሊኒክ ብንወስደው በአሥር ሺህ ሰው 3,000 እውነተኛና 70 የሐሰት ውጤት ይሰጣል። መሣሪያው አልተለወጠም፤ የተጠየቀው ሕዝብ ነው የተለወጠው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ከተለያየ ዓይነት ምርመራ የተገኙ ሦስት ተከታታይ ውጤቶች “አለ” ካላሉ በቀር ማንም ቫይረሱ አለበት እንዳይባል የመከረው ለዚህ ነው። የሥርጭቱ መቀነስ ራሱ ለአንድ ነጠላ “ፖዘቲቭ” የሚሰጠውን እምነት ቀንሶታል።

ይህ ስሌት ግን ስለታም ነው፤ በሌላ በኩልም ይቆርጣል። የቡድንን አኃዝ ወስዶ አንድን ሰው ሳይመረምሩ መፍረድ የላቦራቶሪ ንባብ አይደለም። በጃንዋሪ 1996 በእስራኤል ማሪቭ ጋዜጣ የኢትዮጵያውያን አይሁድ ለጋሾች ደም በምስጢር ይጣል እንደነበር ሲያጋልጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተ እስራኤላውያን ኢየሩሳሌም ላይ ለተቃውሞ ወጡ። ባለ ሥልጣናቱ የጠቀሱት ምክንያት በማኅበረሰቡ ውስጥ ያለውን የቫይረስ ሥርጭት ነበር። አኃዙ ምርመራን ለማጥበቅ ምክንያት ይሆናል፤ ሰውን አታሎ ደሙን ለመድፋት ግን አይሆንም።

የጊዜው ጉዳይ ደግሞ አለ። በጋብቻ ዋዜማ ተያይዘው የሚመረመሩ ጥንዶች ይዘውት የሚወጡት ወረቀት የሚናገረው ስለዚያ ቀን ሳይሆን ከሳምንታት በፊት ስለነበረው ነው። ከጣት በሚወሰድ ጠብታ የሚሠራ ፈጣን የአንቲቦዲ ምርመራ ቫይረሱን ለማግኘት ከተጋለጡበት ቀን አንሥቶ ከ23 እስከ 90 ቀን ይፈልጋል። አንቲጂንና አንቲቦዲን አጣምሮ በላቦራቶሪ የሚሠራው ከ18 እስከ 45 ቀን፣ የቫይረሱን ዘረመል የሚፈልገው ከ10 እስከ 33 ቀን። ሕፃናት ላይ ነገሩ ይገለበጣል። የእናት አንቲቦዲ በእንግዴ ልጅ በኩል አልፎ እስከ 18 ወር ድረስ በሕፃኑ ደም ሊቆይ ስለሚችል፣ የተለመደው ምርመራ “አለ” ቢል የተመረመረችው እናት ናት። ለዚህ ነው ሕፃናት በስድስት ሳምንታቸው ተረከዛቸው ተወግቶ በወረቀት ላይ በሚደርቅ የደም ጠብታ በፒሲአር የሚመረመሩት።

ቫይራል ሎድ፣ ማለትም በደም ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን፣ ዛሬ የሕክምናው ዋና መለኪያ ነው። በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በአንድ ሚሊ ሊትር ከ1,000 በላይ ቅጂ መድኃኒቱ አለመሥራቱን ወይም አለመወሰዱን ያመለክታል፤ “አልታየም” የሚለው ውጤት ደግሞ በግብረ ሥጋ የማስተላለፍ አደጋ የለም ማለት ነው። ይህ ትልቅ ነጻነት ነው፣ ፈውስ ግን አይደለም። መድኃኒቱ ሲቆም ቫይረሱ ከተደበቀባቸው ሕዋሳት በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። እንጦጦ ጸበል ተጠምቀው፣ “አልታየም” የሚል ወረቀት ይዘው መድኃኒት ያቆሙ ሰዎች ታሪክ በአዲስ አበባ የታወቀ ነበር። የዚያን ጊዜው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ2007 ምእመናን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ ማሳሰባቸው ከማንኛውም የጤና ፖስተር የበለጠ ሠርቷል ብዬ አምናለሁ።

ሲዲ4 የሚባሉት የመከላከያ ሕዋሳት ቁጥር የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት የሰውን ዕጣ ይወስን ነበር። መድኃኒት ለመጀመር መጀመሪያ ከ200 በታች መሆን ያስፈልግ ነበር፤ በ2010 ወደ 350፣ በ2013 ወደ 500 ከፍ አለ፤ በ2015 ቁጥሩ ቀርቶ ቫይረሱ ያለበት ሁሉ ይጀምር ተባለ። በእነዚያ ዓመታት ወረፋ ላይ የቆመ ሰው “ሲዲፎሬ ስንት ነው” ሲል ይጠይቅ የነበረው ስለ ሕይወቱ ነው። እነዚህ ወሰኖች ግን የማን ደም ላይ ተለክተው ነው የወጡት? በ1990ዎቹ ኢትዮጵያና ኔዘርላንድስ በጋራ ያቋቋሙት የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት በአቃቂና በወንጂ የፋብሪካ ሠራተኞች መካከል ጥናት አካሂዶ ነበር። በ1999 በታተመው ሥራ፣ ኤች አይ ቪ የሌለባቸውና ጤነኛ የሆኑ ኢትዮጵያውያን አማካይ ሲዲ4 ወደ 775 ሲሆን የሆላንድ ደም ለጋሾች ግን ወደ 990 ነበር። አማካይ ከሆነ ደግሞ ከሥሩም ብዙ ጤነኛ ሰው አለ። ምክንያቱ ላይ ተመራማሪዎች ተከራክረዋል። በእስራኤል ዝቪ ቤንትዊችና ባልደረቦቹ ከኢትዮጵያ የገቡ ስደተኞችን ሲያጠኑ የመከላከያ ሕዋሳቱ ሁልጊዜ በመነቃቃት ላይ እንደነበሩ፣ የሆድ ትላትል ከታከመ በኋላም መነቃቃቱ እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ከልጅነት ጀምሮ ከተላላፊ በሽታ ጋር መኖር ድርሻ ሳይኖረው አልቀረም።

ያም ሆነ ይህ ሲዲ4 በባሕርዩ ተንቀሳቃሽ ነው። በአንዱ ቀን ውስጥ እንኳ ይለዋወጣል፤ ጉንፋን፣ እርግዝና፣ የሳንባ ነቀርሳ ይቀንሱታል። ከ420 ወደ 370 መውረድ ብዙ ጊዜ ምንም ማለት አይደለም። ዛሬ ቁጥሩ ዋጋ የሚኖረው ከ200 በታች ሲሆን ነው፤ ያኔ ሐኪሙ የሳንባ ነቀርሳንና የክሪፕቶኮከስ ማጅራት ገትርን አስቀድሞ ይፈልጋል።

ከቫይረሱ ዓለም ለአፍታ ልውጣ፤ የአንቲቦዲ ንባብ ስሕተት አገራዊ ልማድ የሆነበት ቦታ አለና። “ታይፎይድና ታይፈስ ተገኘብኝ” ያላለ የአዲስ አበባ ነዋሪ ይኖር ይሆን? ሁለቱ በሽታዎች ፈጽሞ የማይገናኙ ናቸው፤ አንዱ በምግብና በውሃ፣ ሌላው በቅማል ወይም በቁንጫ ይመጣል። ሁልጊዜ አብረው የሚገኙት ሁለቱም በአንድ ቀን፣ በአንድ ስላይድ ላይ ስለሚመረመሩ ነው። የታይፎይዱ የዊዳል ምርመራ በ1896 የተፈለሰፈ ነው። የታይፈሱ የዌል ፌሊክስ ምርመራ ደግሞ በ1916 መጣ፤ እሱማ የታይፈስን ተሕዋስ እንኳ አይጠቀምም፣ በአጋጣሚ የሚመስለውን ሌላ ባክቴሪያ ነው የሚጠቀም። ታይፎይድ በሚዘወተርበት አገር ብዙ ጤነኛ ሰው ከድሮ ተጋላጭነት የቀረ አንቲቦዲ አለው፤ በወባ ወይም በሌላ ትኩሳት ጊዜም ይነሣል። ዊዳል በትክክል ይነበብ ከተባለ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ ደም ተወስዶ ልኬቱ አራት እጥፍ ሲያድግ መታየት አለበት። ይህን ያደረገ ክሊኒክ ያየ ሰው ቢነግረኝ ደስ ይለኛል። የስሕተቱ ዋጋ የሚከፈለው በአንቲባዮቲክ ነው፤ ያለ ምክንያት የሚዋጥ ሲፕሮ ነገ በእውነት ታይፎይድ ለያዘው ሰው አይሠራለትም።

ትኩስ ኢንፌክሽንን ከድሮው ለመለየት አይጂኤም እና አይጂጂ የሚባሉ ሁለት የአንቲቦዲ ዓይነቶች ይታያሉ፤ የመጀመሪያው ቀድሞ መጥቶ ይጠፋል፣ ሁለተኛው ይቆያል ይባላል። ሲባል ቀላል ነው። ፅንስ ያስወረዳት ሴት “ቶርች” የሚባለው ጥቅል ምርመራ ሲታዘዝላት የቶክሶፕላዝማና የሲኤምቪ አይጂጂ “ፖዘቲቭ” መሆኑን አይታ ጥፋተኛውን ያገኘች ይመስላታል። እነዚህ ግን አብዛኛው አዋቂ በልጅነቱ ያገኛቸው ናቸው፤ የሩቤላ አይጂጂ መኖሩማ መልካም ዜና ነው። አይጂኤምም ቢሆን በቶክሶፕላዝማ ከዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። እርግጡን ለማወቅ አንቲቦዲው ከዒላማው ጋር ምን ያህል አጥብቆ እንደሚያያዝ የሚለካ የአቪዲቲ ምርመራ አለ፤ አጥብቆ ከያዘ ኢንፌክሽኑ ቢያንስ የጥቂት ወራት ዕድሜ አለው። ቫይረሶች ሲዛመዱም አንቲቦዲያቸው ይምታታል። በ2013 ድሬዳዋ ላይ ዴንጊ ሲነሣ፣ ወይም ከ1960 እስከ 1962 በኢትዮጵያ ወደ 30 ሺህ ሰው እንደገደለ የሚገመተው ቢጫ ወባ በ2020 በጉራጌ ዞን ሲመለስ፣ አንድ አይጂኤም ብቻውን በቂ ማስረጃ አልነበረም፤ የዴንጊና የቢጫ ወባ ቫይረሶች የአንድ ቤተሰብ ናቸው፣ ክትባት የወሰደም ሰው አለ። የሕመሙ ቀን እዚህ ላይ ወሳኝ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ አምስት ቀናት ቫይረሱን ራሱን መፈለግ፣ ከዚያ በኋላ አንቲቦዲውን።

ኮቪድ ይህን ሁሉ ለሕዝብ ሊያስተምር ይችል ነበር፤ ያስተማረው ግን ፒሲአር “አለ” ካለ አለ፣ ከሌለ የለም የሚለውን ብቻ ነው። ፒሲአር ዘረመልን በየዙሩ እጥፍ እያደረገ የሚያበዛ ዘዴ ነው። በ20ኛው ዙር የታየና በ30ኛው የታየ ቫይረስ በመጠን ሺህ ጊዜ ያህል ይለያያሉ፤ ወረቀቱ ላይ ግን ሁለቱም አንድ ዓይነት “ፖዘቲቭ” ናቸው። የመጀመሪያው ሰው ምናልባት በማስተላለፍ ላይ ነበር፤ ሁለተኛው የሞተ ቫይረስ ቅሪት ይዞ ሳምንታት ሊቆይ ይችላል።

ሰውነት ራሱን ሲያጠቃ የሚደረጉት ምርመራዎች ሌላ ዓለም ናቸው፤ እዚያም ግን ያው ስሕተት ይጠብቃል። ለሉፐስ የሚታዘዘው ኤኤንኤ በሉፐስ ታማሚዎች ሁሉ ማለት ይቻላል ይገኛል፤ ስለዚህ ከሌለ በሽታውን ለማስወገድ ይረዳል። መኖሩ ግን እምብዛም አይናገርም። በ1997 በታተመ ዓለም አቀፍ ጥናት ከጤነኛ ሰዎች ወደ 32 በመቶ በ1:40፣ 13 በመቶ በ1:80፣ 5 በመቶ በ1:160 ልኬት ኤኤንኤ ተገኝቶባቸዋል። ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚታዘዘው ሪውማቶይድ ፋክተር በሄፓታይተስ ሲ፣ በሳንባ ነቀርሳ፣ በዕድሜ መግፋትም ይነሣል፤ አልፎ ተርፎ የሌላ ቫይረስን አይጂኤም ምርመራ በሐሰት “አለ” ያሰኛል። ጣቱ ጠዋት ጠዋት ከአንድ ሰዓት በላይ ግትር ያላለ፣ ያላበጠ ሰው ላይ እነዚህን ማዘዝ መልስ ሳይሆን ጭንቀት መግዛት ነው።

“ኖርማል” የሚለው ዓምድስ? የወሰኑ አሠራር ግልጽ ነው፤ ከጤነኛ ሰዎች መካከል 95 በመቶው የሚያርፉበት ክልል ይወሰዳል። ከሃያ ጤነኞች አንዱ በትርጉሙ ከክልሉ ውጭ ነው። ሃያ የማይገናኙ ምርመራዎች በአንድ ጊዜ የተደረገለት ጤነኛ ሰው ቢያንስ አንዱ ከወሰን የመውጣቱ ዕድል ከመቶ 64 ነው። “ሙሉ ምርመራ” እያሉ የሚሸጡት ጥቅል በዚህ ስሌት ራሱን የሚመግብ ንግድ ነው። የማን ጤነኞች የሚለው ጥያቄም እዚህ ይመለሳል። በቀይ የደም ሕዋሳቸው ላይ ዳፊ የሚባለው ምልክት የሌላቸው ብዙ አፍሪካውያንና የመካከለኛው ምሥራቅ ሰዎች ኒውትሮፊል የሚባለው ነጭ የደም ሕዋስ ቁጥራቸው በተፈጥሮ ዝቅ ያለ ነው፤ በዚህ ምክንያት ግን ለኢንፌክሽን ከሌላው ይበልጥ አይጋለጡም። አሜሪካ ወይም እስራኤል ላለ ኢትዮጵያዊ ይህ ከመቅኒ ምርመራ የሚያድን መረጃ ሊሆን ይችላል፤ ሐኪሙ ካልጠየቀ ታካሚው ይጥቀስለት።

ስለ ናሙናውም አንድ ሁለት ነገር። ደሙ ከጤና ጣቢያ ወጥቶ እስከ ሪፈራል ላቦራቶሪ የሚሄደው ጉዞ፣ በኢትዮጵያ በፖስታ አገልግሎት ጭምር፣ የውጤቱ አካል ነው፤ ለሲዲ4 የተቀዳ ደም ሁለት ቀን ካለፈው አይታመንም። የወሰዱት ክኒንም ይገባበታል። ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚሸጠው ባዮቲን ብዙ የአንቲቦዲና የሆርሞን ምርመራዎችን እንደሚያዛባ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2017 አስጠንቅቋል። ማን ነው ደም ሲሰጥ “ምን ቫይታሚን ትወስዳለህ?” ተብሎ የሚጠየቀው?

ላቦራቶሪው የሚጠይቅበት ቦታ በእርግጥ አለ። በማዘዣ ቅጹ ላይ የታካሚው ምልክትና የተጠረጠረው በሽታ የሚጻፍበት መስመር ነው፤ ብዙ ጊዜ ባዶውን ይሄዳል። ያ መስመር ቢሞላ ባለሙያው ከማይመስል ውጤት ጋር ሲገናኝ ይደግመዋል፣ ይደውላል። ባዶ ከሆነ ማሽኑ ያተመውን ማስረከብ ነው።

አሁን ደግሞ ንባቡ ከላቦራቶሪውም ከሐኪሙም እጅ እየወጣ ወደ ቤት እየገባ ነው። በኢትዮጵያም ሥራ ላይ የዋለው በአፍ ድድ ፈሳሽ የሚሠራ የኤች አይ ቪ ራስን በራስ መመርመሪያ ብዙ ሰው ዘንድ የደረሰ፣ ክሊኒክ የማይረግጡ ወንዶችንም ያስመረመረ መልካም ነገር ነው። እስካሁን የተባለው ሁሉ ግን አብሮት ይገባል። የሚፈልገው አንቲቦዲ ነው፣ ስለዚህ ባለፈው ወር ስለሆነው አይናገርም። ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ላይ በሐሰት “የለም” ሊል ስለሚችል እሱ ሊመረመርበት አይገባም። ሁለት መስመር ካሳየ ጤና ጣቢያ ሄዶ ከመጀመሪያው መመርመር ያሻል፤ በራሱ ምርመራ መድኃኒት አይጀመርም፣ ትዳርም አይፈታም። ኦራኩዊክ የተባለው መመርመሪያ ከ20 ደቂቃ በፊትና ከ40 ደቂቃ በኋላ እንዳይነበብ መመሪያው ያዛል። ማታ አስቀምጦት ጠዋት ሁለተኛ መስመር ያየበት ሰው ያየው ውጤት አይደለም፤ ይጥለውና በአዲስ ይመርመር።